ቡት ሳትገዛ ፊን አትግዛ
(የአንባቢያን ጥያቄና መልስ)

ስለ ስኩባ፣ ማለትም የአየር ሲሊንደር ተሸክሞ ውሃ ውስጥ ስለ መጥለቅ፣ መጠየቅ የጀመረው አንባቢ በዝቷል። ባሕር በሌለው አገር ይህን ያህል ጥያቄ መምጣቱ መጀመሪያ ገርሞኝ ነበር። ነገሩ ግን አያስገርምም። ወሎ ውስጥ አንድ የቅርብ ዘመዱ ጅቡቲ ወይም ዓረብ አገር የሌለው ሰው ማግኘት ከባድ ነው። ልጁ ሄዶ ባሕሩን ያያል፣ ከዚያ ደግሞ ውስጡን ማየት ይፈልጋል።

ለማታውቁኝ፣ ያደግሁት ሐይቅ ከተማ ነው። ከዚያ ጅቡቲ ወርጄ ቱሪስት ወደ ባሕር በሚያወጣ ጀልባ ላይ ሠራሁ። ጠዋት ጠዋት የሰዉን እግር አይቶ ልኩን ፊን ማደል የኔ ሥራ ነበር። ፊን ያልኩት ጠላቂዎች እግራቸው ላይ የሚያጠልቁትን ረጅሙን መቅዘፊያ ነው። ዛሬ የምመልሰው ስለ እሱ የመጡትን ጥያቄዎች ብቻ ነው።

*ሰላም ጋሼ። የደሴ ልጅ ነኝ። ጅቡቲ ሆቴል ውስጥ ሥራ አግኝቼ ልሄድ ነው፤ እዚያ ስኩባ መማር አስቤያለሁ። ዱባይ ያለው ወንድሜ ፊን ልግዛልህ ብሎ የሦስት ዓይነት ፎቶ ልኮልኛል። አንዱ ጫፉ ለሁለት የተሰነጠቀ ነው። ሁለተኛው አጭር፣ ጥቁር፣ ወፍራም ጎማ ሆኖ ቀዳዳ ቀዳዳ አለው። ሦስተኛው ተራ ፊን ይመስላል። ውዱ የተሰነጠቀው ነው። የትኛውን ልበለው?*
*ሙ. ከደሴ*

አብሽር ሙ.፣ ወንድምህ ጥሩ ወንድም ነው። ግን ፎቶዎቹ ላይ የጎደለ ነገር አለ፤ ያንተ እግር።

ከሦስቱ መልክ በፊት የሚመጣ ሌላ ምርጫ አለ። አንዳንዱ ፊን ተረከዝን ጭምር ይሸፍናል፤ በባዶ እግር ነው የሚጠለቀው። ሌላው ከኋላ ክፍት ነው፤ ተረከዝህን የሚይዘው ማሰሪያ ነው። ክፍቱን ለማድረግ ውስጡ ቡት ያስፈልግሃል። ቡት ስልህ ለዝናብ የምናደርገው ቦቲ እንዳይመስልህ። ኒዮፕሪን ከሚባል ለስላሳ ጎማ የተሠራ፣ ሶል ያለው፣ ውሃ ውስጥ የሚደረግ ጫማ ነው።

የትኛው ይሻላል የሚለውን የሚወስነው ወደ ውሃ የምትገባበት ቦታ ነው። ከጀልባ ላይ ዘለህ የምትገባ ከሆነና ውሃው ሞቃት ከሆነ፣ ተረከዙ የተሸፈነው ይበቃሃል። ይቀላል፣ ይረክሳል፣ ሻንጣም አይሞላም። ከባሕር ዳርቻ እየተራመድክ የምትገባ ከሆነ ግን ሌላ ነው። የጅቡቲ ዳርቻ ብዙው ቦታ አሸዋ ብቻ አይደለም፤ ስለታም ድንጋይና ኮራል የሚባል ድንጋይ መሰል የባሕር ሕይወት አለው። እሾሃማው የባሕር ጃርትም አለ። እሾሁ እግር ውስጥ ተሰብሮ የቀረበት ሰው ጀልባ ላይ ሲመጣ እናቱን እየጠራ ነው የሚመጣው። አንተ ተማሪ ስለሆንክ ከሁለቱም በኩል መግባትህ አይቀርም። ስለዚህ ክፍቱን ከነቡቱ ውሰድ።

ወንድምህን የምትለው የመጀመሪያ ነገር እንግዲህ ይሄ ነው፤ ቡቱን በቅድሚያ ይግዛ። ፊኑ የሚለካው በቡቱ ላይ ነው። ብዙ ሰው ተቃራኒውን ያደርጋል። ፊኑን በባዶ እግሩ ለክቶ ይገዛል፣ በኋላ ቡት ሲያደርግ እግሩ አይገባም። ወይም ክፍቱን ፊን ያለ ቡት ያደርገዋል። ያን ጊዜ ማሰሪያው ተረከዙን ይልጠዋል፣ የእግሩ ጀርባ ውሃ ይቋጥራል፣ በማግስቱ ነጠላ ጫማ ማድረግ እንኳ ያቅተዋል።

አንተ ደሴ፣ ሱቁ ዱባይ። ልኩ እንዴት ይሁን? ማታ ላይ ካርቶን መሬት ላይ አንጥፍና ቁምበት። ማታ ያልኩህ እግር ሲውል ትንሽ ስለሚያብጥ ነው። ዙሪያውን በእስክሪብቶ አስምር። ከተረከዝ እስከ ረጅሙ ጣትህ ያለውን በሴንቲ ሜትር ለካ፤ ሰፊው ቦታ ላይም ወርዱን ለካ። ሁለቱንም እግር አድርግ፤ እኩል ካልሆኑ ትልቁን ተከተል። ያንን በቴሌግራም ላክለት። «42 ነኝ» ብቻ ብትለው አይጠቅመውም። አንዱ ፋብሪካ 42ን መካከለኛ ይለዋል፣ ሌላው ትልቅ ይለዋል።

አሁን ወደ ሦስቱ እንምጣ።

የተሰነጠቀው ለጉልበቱ ለሚሰጋ ሰው ጥሩ ነው። ስንጥቁ ውሃውን ስለሚያሳልፍ ባትና ጉልበት ላይ የሚያርፈው ጫና ይቀንሳል። እግርህን ቀጥ አድርገህ ቶሎ ቶሎ፣ ትንሽ ትንሽ ስታወዛውዝ ይሄዳል። ችግሩ ከዚያ ውጭ ያለው ነገር ላይ ነው። እንደ እንቁራሪት እግርን ከፍቶ መግፋት፣ ወደ ኋላ መመለስ፣ በቆሙበት መዞር፤ እነዚህ በተሰነጠቀ ፊን አይሆኑም ባይባልም ያታክታሉ። ስኩባ ደግሞ ዘወትር ወደ ፊት መሄድ አይደለም። ኮራሉ አጠገብ ቆመህ የምታየው ነገር ይኖራል፤ ወደፊት ብትገፋ ትሰብረዋለህ፣ ስለዚህ ትንሽ ወደ ኋላ ማለት አለብህ። ውድ መሆኑ አያታልልህ። እኔ ለጀማሪ አልመርጠውም።

ጥቁሩ ጎማ የድሮ ሰው ነው። ዓይነቱ ከ1960ዎቹ ጀምሮ በፈረንጅ አቆጣጠር አለ፤ ዛሬም ዋሻ ውስጥና የሰመጠ መርከብ ውስጥ የሚገቡ ሰዎች ይወዱታል። አጭርና ደንዳና ስለሆነ እግሩ የሚያዝዘውን ወዲያው ይፈጽማል፤ ለእንቁራሪቱ አገፋፍ የሚያህለው የለም። ዕድሜውም ረጅም ነው። ግን ከባድ ነው፣ ውሃ ውስጥም ይሰምጣል። ይህ ክብደት የሚጠቅመው ለቀዝቃዛ ውሃ የሚሆነውን፣ አየር የያዘ ወፍራም የመጥለቂያ ልብስ ለብሶ እግሩ ወደ ላይ ለሚነሳበት ሰው ነው። ጅቡቲ ውሃው ሞቃት ነው፤ ስስ ልብስ ነው የምትለብሰው። ስስ ልብስና ከባድ ፊን ሲገናኙ እግርህ ወደ ታች ይንጠለጠላል። ጋደም ብለህ መንሳፈፍ ሲገባህ ቁመህ ትሄዳለህ። ቁሞ የሚሄድ ጠላቂ አየሩን ቶሎ ይጨርሳል፣ ከታቹ ያለውን አሸዋም ያቦናል።

የቀረው ተራ ያልከው ነው። ወንድምህ እሱን ይግዛ። መሐሉ ለስለስ፣ ጠርዙ ጠንከር ያለውን ይፈልግ። እንዲህ ያለው ስትገፋ መሐሉ ጎድጎድ ብሎ ውሃውን ወደ ኋላ ይልከዋል፣ በጎን እንዲያመልጥ አይፈቅድም። ቀጥ ብሎ መሄዱም የእንቁራሪቱም ይሆንልሃል። ጥንካሬው መካከለኛ ይሁን። «ኳስ ተጫዋች ነኝ፣ እግሬ ብርቱ ነው» ብለህ በጣም ደንዳናውን አትምረጥ። ኳስ ተጫዋቾች ጀልባችን ላይ ባታቸውን ይዘው ሲጮኹ አይቻለሁ፤ ሩጫ የሚሠራው ጡንቻና ፊን የሚሠራው አንድ አይደለም።

ማሰሪያው ላይ ትንሽ ብር ቢጨምር አይቆጭም። የጎማው ማሰሪያ በፀሐይና በጨው ይሰነጠቅና አንድ ቀን ጀልባው ሊነሳ ሲል ይበጠሳል። የማይዝግ ብረት ስፕሪንግ ያለው አለ። እሱ ዘለበት የለውም፣ መለካትም አይፈልግም፤ ከኋላ ሳብ አድርገህ መልቀቅ ነው። የወንድምህ ብር ለሁለቱም ካልበቃ ግን ስፕሪንጉ ይቅር፣ ቡቱ አይቅር።

ቀለም? ደማቅ ቢጫ ወይም ብርቱካናማ። ቄንጥ ነው ብለህ እንዳትንቀው። ከታች ሁሉም ጥቁር ልብስ ነው የሚለብሰው፤ አስተማሪህ ከሩቅ የሚለይህ በእግርህ ነው።

*እንደምን አሉ። ኮምቦልቻ ነው የምኖረው። ለአምስት ዓመት ሳዑዲ ነበርኩ፤ ጅዳ ላይ በስኖርክል (አፍ ላይ በሚያዝ መተንፈሻ ቱቦ) ዋና ጀምሬ ነበር። ፊን ባደረግሁ ቁጥር ባቴን ይይዘኛል። እግሬ አጭርና ሰፊ ነው፤ ቁጥሬ 36 ነው። ጥፋቱ የፊኑ ነው የኔ?*
*ከኮምቦልቻ፣ እህትዎ*

እህቴ፣ እንኳን ደህና ገባሽ። ጥፋቱ የፊኑ ሳይሆን አይቀርም።

36 ቁጥር ሰፊ እግር ያላት ሴት ሱቅ ስትገባ ሁለት ነገር ይሰጧታል፤ የልጆች ፊን ወይም የወንድ ትንሹን። የልጆቹ በርዝመቱ ይሆናታል፣ በጎን ግን ይጨምቃታል። የወንዱ በጎን ይሆናታል፣ ተረከዟ ግን ይወልቃል። ፊን ሲወልቅ ሰው ሳያውቀው ምን ያደርጋል? ጣቶቹን አጥፎ ይይዘዋል። ጣቱን አጥፎ የሚዋኝ ሰው ባቱ ሳይይዘው አይቀርም። ፊኑ ሲጠብም ያው ነው፤ ደም በደንብ አይደርስም፣ እግር ይደነዝዛል።

ስትለኪ እንዲህ አድርጊ። ባዶ እግር የሚጠለቀው ከሆነ እግርሽን ውሃ አስነኪው፤ በደረቁ ሲጠለቅ የሚያጠብቅ እየመሰለ ያታልላል። ካጠለቅሽው በኋላ ቁጭ ብለሽ እግርሽን አንሺና ወደ ላይ ወደ ታች አራግፊው። ተረከዝሽ ከተንቀሳቀሰ ሰፍቶሻል። ጣቶችሽን ማንቀሳቀስ ካልቻልሽ ጠቦሻል። ዝም ብለሽ ለጥቂት ደቂቃ ቁጭ በይ፤ ልክ ያልሆነ ፊን በዚያች ጊዜ ውስጥ የሚቆረቁርበትን ቦታ ይናገራል። ትንሽ ሰፋ ያለ ብቻ ካገኘሽ ስስ የኒዮፕሪን ካልሲ አለ፤ ክፍተቱን ይሞላል።

ሌላው ምክንያት ምናልባት እግርሽን የምትመቺበት መንገድ ሊሆን ይችላል። ብዙ ሰው እንደ ብስክሌት ነጂ ጉልበቱን እያጠፈ ነው የሚመታው። እንቅስቃሴው ከዳሌ ነው መነሳት ያለበት፤ ጉልበት ለስለስ ብሎ ይከተላል፣ ቁርጭምጭሚት ደግሞ ልቅ ይሆናል።

ባትሽ ከያዘሽ አትታገዪው። በጀርባሽ ተንጋለይ፣ የፊኑን ጫፍ ያዢና ወደ ራስሽ ሳቢው፣ እግርሽን ቀስ ብለሽ ዘርጊ። ሲለቅሽ ቀዘፋውን በለዘብታ ቀጥዪ። ሞዴሉን በተመለከተ፣ ለስኖርክል አጭርና ለስላሳ የሆነው ይበቃሻል።

*ጋሽዬ፣ የሐይቅ ልጅ ነኝ፣ ዓሣ አስጋሪ። መረባችን ሥር ላይ ሲያዝብን ትንፋሽ ይዤ ገብቼ እፈታለሁ። አንድ ጓደኛዬ ያ ረጅሙን፣ የካርቦኑን ፊን ግዛ፣ ታች ቶሎ ያደርስሃል ይለኛል። ምን ትላለህ?*

ያገሬ ልጅ፣ ጓደኛህ ስለ ፊኑ ልክ ነው፣ ስለ ሐይቁ ግን አይደለም።

ረጅሙ ፊን ያለ አየር ሲሊንደር በአንድ ትንፋሽ ለሚጠልቁ ሰዎች የተሠራ ነው። ርዝመቱ ሜትር ሊጠጋ ይችላል። በጥቂት ምት ብዙ ስለሚያስኬድ ትንፋሽ ይቆጥባል። ካርቦኑ ደግሞ ከሁሉ ቀላል ነው፤ ከፕላስቲኩ ግን ዋጋው በብዙ እጥፍ ይበልጣል፣ ድንጋይ ላይ ከመታህበትም ይሰነጠቃል። ይህ ሁሉ የሚያምረው ጥርት ባለ ባሕር፣ ወደ ጥልቁ ቀጥ ብሎ ለሚወርድ ሰው ነው።

አንተ የምትገባው ፊላና ጉቶ ያለበት፣ ጭቃው በትንሽ ነገር የሚነሳ ቦታ ነው፤ እሱም መረብ አጠገብ። ሜትር የሚያክል መቅዘፊያ እግርህ ላይ ይዘህ የናይለን መረብ አጠገብ ዞር ማለት አያዋጣም። ላንተ የሚሆነው አጭር፣ ተረከዙ የተሸፈነ፣ ምንም ዘለበትና ጅራት የሌለው ፊን ነው። መረብ የሚይዘው የወጣ ነገር ነውና። ሥር ስትደርስ እግርህን ወደ ላይና ወደ ታች አታርገብግበው፤ አንዴ ካቦነንከው እጅህን ማየት አትችልም። በእንቁራሪቱ አገፋፍ፣ ከጭቃው ከፍ ብለህ ሥራ።

ፊኑን እንተወውና ሌላ ልንገርህ። ብቻህን አትግባ። አንዱ ሲጠልቅ አንዱ ታንኳው ላይ ሆኖ ዓይኑን ሳይነቅል ይጠብቅ። ከመግባትህ በፊት ትንፋሽ ቶሎ ቶሎ እየሳብክ «አየር ልሙላ» የምትል ከሆነ ተው። አየር አይጨምርልህም፤ «ተንፍስ» የሚለውን የሰውነት ማስጠንቀቂያ ነው የሚያጠፋብህ። እንዲህ ያለ ሰው ወደ ላይ እየወጣ ሳለ ራሱን ይስታል። መረብ የሚቆርጥ ስለት እጅህ በሚደርስበት ቦታ ይታሰር። ገመዱን ካልፈታህ ቁረጠው፤ መረብ እንደገና ይሠራል።

የክብደት ቀበቶ፣ ማለትም ለመስመጥ የሚረዳ የእርሳስ ብረት የተንጠለጠለበትን፣ ከባሕር ሰው ተውሰህ ከሆነም እንዳለ አትታጠቀው። የኛ ውሃ ጨው የለውም፤ ስለዚህ ከባሕር ያነሰ ነው የሚያንሳፍፍህ። ልዩነቱ ከመቶ ሁለት ተኩል ገደማ ነው። ከነዕቃው 100 ኪሎ የሆነ ጠላቂ ባሕር ላይ ከሚታጠቀው እርሳስ ሁለት ኪሎ ተኩል ያህል ይቀንሳል ማለት ነው። ሐይቃችን መሐሉ 80 ሜትር ገደማ ይጠልቃል፤ እርሳስ አብዝቶ ለመሞከሪያ የሚሆን ውሃ አይደለም።

*ጅቡቲ የሚመጣው ትልቁ ሻርክ ጋ ለመዋኘት የትኛው ፊን ይሆናል? በአጋጣሚውም፣ ባሕር ገብቼ በዚያው ቀን ወደ ደሴ መመለስ እችላለሁ?*
*ሹፌር ነኝ፣ ከባቲ መስመር*

ዌል ሻርክ ማለትህ ነው። በፈረንጆቹ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ወቅት ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ፣ አርታ ዳርቻ አካባቢ ይታያል። ትልቅነቱ አያስፈራህ፤ ምግቡ ደቃቅ ነገር ነው። ከላይ በስኖርክል ስለሚታይ ሲሊንደር አያስፈልግም። ተረከዙ የተሸፈነ ፊን ይበቃል። ብቻ በጣም አጭሩን አትያዝ፤ ቀስ ብሎ የሚሄድ ቢመስልም አጠገቡ ስትሆን መከተል ያደክማል። ጅራቱን ራቅ በል፣ አትንካው።

ሁለተኛው ጥያቄህ ከፊኑ ይበልጥ አስፈላጊ ነው። በስኖርክል ብቻ ከሆነ የፈለግህ ጊዜ ንዳ። በሲሊንደር ጠልቀህ ከሆነ ግን ቆይ። ጥልቀት ላይ የተነፈስከው ናይትሮጅን ሰውነትህ ውስጥ ቀርቶ ቀስ እያለ ነው የሚወጣው። ወደ ከፍታ ስትወጣ የአየሩ ግፊት ይቀንስና ናይትሮጅኑ አረፋ ሊሆን ይችላል፤ መገጣጠሚያ ያሳምማል፣ ሲብስ ሽባ ያደርጋል። ሰዎች ይህን የሚያውቁት ለአውሮፕላን ነው። ደሴ ግን 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እዚህ ያለው የአየር ግፊት ባሕር ዳር ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። የሐረጎን ዳገት በመኪና መውጣትና መብረር ለሰውነትህ ልዩነት የላቸውም።

ለበረራ የተለመደው ምክር አንድ ጊዜ ብቻ ለጠለቀ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ደጋግሞ ወይም በተከታታይ ቀናት ለጠለቀ ቢያንስ 18 ሰዓት ነው። አንተም በዚያው ሂድ። ጋላፊ ድንበር ላይ ወረፋው ስለሚያቆይህ ይደርሳል ብለህ አትቁጠር፤ የመጨረሻውን ቀን ከውሃ ውጭ አድርገው። የሐይቅ ልጆችም ይስሙ፤ ሲሊንደር ይዞ የመጣ እንግዳ ሐይቅ ላይ ቢጠልቅ በየጥልቀቱ ስንት ደቂቃ መቆየት እንደሚቻል የሚያሳየውን የባሕሩን ሰንጠረዥ መጠቀም አይችልም። ለከፍታ የተሠራ ሌላ ስሌት አለ። ወደ ደሴ ሲመለስም እንደገና ሽቅብ እየወጣ መሆኑን ይቁጠር።

*ፊንን ማን ፈለሰፈው? ከጓደኛዬ ጋር ተወራርደን ነው።*

ሉዊ ደ ኮርልዩ የሚባል ፈረንሳዊ የባሕር ኃይል መኮንን ነው፤ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1933 የባለቤትነት መብት አገኘበት። አሜሪካዊው ኦወን ቸርችል ደግሞ በ1940 በፋብሪካ ማምረት ጀመረ፣ ከዚያ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጠላቂ ወታደሮች ተጠቀሙበት። ጓደኛህ የአሜሪካውን የድሮ ፖለቲከኛና ሳይንቲስት ቤንጃሚን ፍራንክሊንን ካለህ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም፤ በልጅነቱ ከእንጨት መቅዘፊያ ሠርቶ ነበር፣ ዋናው ግን ለእጅ ነበር። ቡናውን ተካፍላችሁ ክፈሉ።

*ከጅቡቲ የተመለሰ ሰው ያገለገለ ፊን ሊሸጥልኝ ነው። ምን ምን ልይ?*
*ከወልድያ*

ፀሐይ ላይ ውሎ እንደሆነ እይ። ፀሐይ ጎማን ትገድላለች፤ ቀለሙ ነጣ፣ ቆዳው በስሱ የተሰነጣጠቀ ከሆነ ዋጋ አስቀንስ። መቅዘፊያውን በእጅህ ቀስ ብለህ ጠምዝዘውና ልቀቀው። ቀጥ ብሎ ካልተመለሰ ሻንጣ ውስጥ ታጥፎ ከርሟል። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርገህ ጠምዝዝ፣ እኩል ይሁኑ። አንዱ ከላላ ውሃ ውስጥ ወደ አንድ ጎን ይወስድሃል።

ማሰሪያ ቢሰነጠቅ ችግር የለውም፣ ይቀየራል። ዘለበት ከጎደለ ግን የዚያው ሞዴል መለዋወጫ መገኘቱን ሳታጣራ ብር አታውጣ። ከገዛኸው በኋላ በንጹህ ውሃ አጥበህ ጥላ ላይ አድርቅ፤ ጫፉ ላይ አታቁመው፣ ጋደም አድርገህ አስቀምጥ። ተረከዙ የተሸፈነው ዓይነት ከሆነ እግር የሚገባበት ውስጥ ሲሸጥ የነበረው የፕላስቲክ ቅርጽ ካለ መልሰህ ክተትበት።

መቅዘፊያው እግር ከሚገባበት ጋር የሚገናኝበትን ቦታ ደግሞ ደጋግመህ እይ። ጉልበቱ ሁሉ የሚያርፈው እዚያ ነው። እዚያ ላይ ስንጥቅ ካለና ሻጩ «ማስቲሽ ይዞታል» ካለህ፣ ሻይህን ጠጥተህ ውጣ።